ጀማሪ የማን ነው?

«አልቲማ ኦንላይን» የተባለው ጌም በ1997 ሲከፈት (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዷቸው) ብሪታንያ ወደምትባለው ምናባዊ አገር አዲስ የሚገባ ሰው ዕጣው ይህን ይመስል ነበር። ከተማ ውስጥ እስካለ ድረስ ዘበኞች አሉለት። የሚያጠቃው ቢመጣ ዘበኛ ብሎ ይጣራል፤ እነሱም ከየት መጡ ሳይባል ደርሰው አጥቂውን ይደፉታል። የከተማውን ወሰን አንድ እርምጃ ሲያልፍ ግን ጥሪውን የሚሰማ ዘበኛ የለም። ማዕድን ልቆፍር፣ እንጨት ልቁረጥ ብሎ የወጣውን ጀማሪ ጫካው ውስጥ አድፍጠው የሚጠብቁት እንደ እሱ ያሉ ተጫዋቾች ናቸው፤ ልዩነታቸው ቀድመው መግባታቸው ነው። ይገድሉታል። ሬሳውን በርብረው መቆፈሪያውንም ልብሱንም ይወስዳሉ። እሱ ግራጫ ካባ የለበሰ መንፈስ ሆኖ ይቀራል። መንፈስ ደግሞ ቢናገር አይሰማም፤ የሚጽፈው ሁሉ በሌሎቹ ስክሪን ላይ «ኡኡኡ» ሆኖ ነው የሚወጣው። ሙታንን የማድመጥ ክህሎት ያዳበረ ሰው ካላጋጠመው በቀር፣ እርዱኝ ብሎ ቢለምን፣ ምን አደረግኋችሁ ብሎ ቢጠይቅ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው ቢል፣ መልስ የሚሰጠው ቀርቶ ጥያቄውን የሚያነብለት አያገኝም።

ይህን ዓለም የነደፉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ዋናው ንድፍ አውጪ ራፍ ኮስተር የሚያልመው ተጫዋቾች የራሳቸውን ማኅበረሰብ የሚያቆሙበትን፣ ወንበዴ ሲነሣ ወንበዴ አሳዳጅም አብሮ የሚነሣበትን ዓለም ነበር። ሕልሙ የሚናቅ አይደለም። ያልሠራው ሒሳቡ ነው። ነባሩ ጀማሪውን ለመግደል የሚያወጣው ወጪ የለም፤ ጀማሪው ግን ያለውን በሙሉ ያጣል። የነፍሰ ገዳዩን ስም በቀይ መጻፍ ተሞከረ፤ በራሱ ላይ የገንዘብ ጉርሻ ማውጣትም ተሞከረ። የሚፈራው ነገር ለሌለው ሰው ቀይ ስም ማዕረግ ነው። የተገደለው ሰው ልበቀል ቢል ለወራት መልፋት ይኖርበታል። ከዚያ የሚቀል መንገድ ስላለው ብዙው ያንኑ መረጠ፦ ወርኃዊ ክፍያውን አቋርጦ ወጣ።

በ2000 ኩባንያው ዓለሙን ለሁለት ከፈለው። በብሪታንያ ሰማይ ላይ በሚታዩት ሁለት ጨረቃዎች ስም አንዱ ትራሜል፣ ሌላው ፌሉካ ተባለ። ካርታው አንድ ነው፤ ተራራው፣ ወንዙ፣ ከተማው ያው ነው። ልዩነቱ ትራሜል ውስጥ ያልተስማማን ሰው ማጥቃት አለመቻሉ ነው። ፌሉካ በድሮው ሕጓ ቀጠለች፤ የሚለያት ዛፎቿ ቅጠላቸውን ማራገፋቸውና በየቦታው የመቃብር ድንጋይ መብቀሉ ነበር። አብዛኛው ሰው ወደ ትራሜል ነጎደ። ፌሉካ ላይ የቀሩት ተኩላዎች በግ ጠፍቶባቸው እርስ በርስ ተፋጠጡ፤ እኩያን መግጠም ደግሞ ያን ያህል እንደማይጥማቸው ብዙዎቹ ያን ጊዜ ነው ያወቁት። ያ ውሳኔ ጌሙን አዳነው ወይስ ገደለው የሚለው ክርክር በድሮ ተጫዋቾች መካከል ዛሬም አልበረደም።

እኔን የሚይዘኝ ክርክሩ አይደለም። ወደ ማንኛውም ዓለም ስንገባ ዘግይተን ነው የምንገባው፤ ቋንቋው ተነግሮ፣ መሬቱ ተከፋፍሎ፣ ወንበሩ ተይዞ ነው የምንደርሰው። የኦንላይን ጌም ልዩነቱ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አዲስ ገቢው እንዴት ይግባ የሚለውን በሕግ መጻፉ ነው። በቀረው ሕይወታችን ልማድና ዕድል የሚወስኑትን እዚያ ንድፍ ይወስነዋል፤ ንድፍ ከሆነ ደግሞ ተጠያቂ አለው።

ኢማኑኤል ካንት በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ባሳተመው ድርሰት የእንግዳን መብት በጣም አጥብቦ ነው ያስቀመጠው። ሰው የማያውቁት አገር በመድረሱ ብቻ እንደ ጠላት ሊታይ አይገባም ይላል። ጎብኝቶ መሄድ መብቱ ነው፤ እንደ ቤተኛ ተቀበሉኝ ማለት ግን መብቱ አይደለም፤ ለዚያ የተለየ በጎ ስምምነት ያስፈልጋል። ትራሜል ይህን መብት በኮድ ጻፈች፤ ማንም አይነካህም አለችው ለጀማሪው። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የማይነካ ሰው የማይታይ ሰውም ሊሆን ይችላል። ጫካውን አቋርጦ ማዕድኑን ቆፍሮ ሲመለስ አንድም ሰው ቀና ብሎ ሳያየው፣ ስሙንም ሳይጠይቀው ሊቀር ይችላል፤ የካንት መብት ደግሞ ለዚህ የሚለው ነገር የለውም።

ይህ እንዲያው ፍልስፍና ብቻ እንዳልሆነ ያሳየኝ «ኢቭ ኦንላይን» ነው። በአይስላንዷ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ ያለው ሲሲፒ የተባለ ኩባንያ ሠርቶ በ2003 የከፈተው የጠፈር ጌም ነው፤ ከሰባት ሺህ በላይ የኮከብ ሥርዓቶች አሉት። ዓመታት የተጫወተውና ዛሬ የገባው የሚኖሩት በአንድ ጠፈር ውስጥ ነው። መርከብህ ከወደመች ወደመች፤ አትመለስም። ሰላማዊ በሚባለው ቀጠና ኮንኮርድ የሚባል ፖሊስ አለ፤ ሥራው ግን መቅጣት እንጂ መጠበቅ አይደለም። አጥቂህን በእርግጥ ያወድመዋል፤ ሲደርስ አንተ ቀድመህ ወድመህ ካልሆነ ዕድለኛ ነህ። ስለ ጌሙ የተሣለ አንድ የታወቀ የቀልድ ሥዕል አለ፦ የሌሎች ጌሞች የመማር መንገድ ቀስ እያለ የሚወጣ ዳገት ሆኖ ሲታይ፣ የኢቭ ግን ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ኋላ ያጋደለ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር የሰው ሬሳ ተከምሯል።

ኩባንያው ጀማሪዎች ለምን ይሸሻሉ ብሎ ሲመረምር ሁሉም የገመተው አንድ ነገር ነበር፤ ነባሮቹ ስለሚገድሏቸው። በ2015 በሬይክያቪክ በተካሄደው የተጫዋቾች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበው ውጤት ግን ግምቱን ገለበጠው። በመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ውስጥ ከሕግ ውጭ በሌላ ተጫዋች የተገደሉት አዲስ ገቢዎች ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ከሌሎቹ ይልቅ በጌሙ ውስጥ የቆዩትም እነሱ ሆነው ተገኙ። አብዛኛው ጀማሪ ማንም ሳይነካው ነበር የጠፋው።

ይህን ይዞ እንግዲያው ጀማሪውን ግደሉት ማለት አይቻልም። የተገደለ ሰው ምናልባት ቀድሞውኑ ደፋር ነው፤ ከጣቢያው ወጥቷል፣ ርቆ ሄዷል፣ ከሌላው ይልቅ ብዙ ሰዓት ተጫውቷል። እንዲቆይ ያደረገው ሞቱ ሳይሆን ለሞት ያበቃው ጠባዩ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የቁጥሩ ሌላው ወገን አይንቀሳቀስም። የሄዱት ብዙዎቹ ተባረው አልሄዱም። ከአንድም ሰው ጋር ሳይገናኙ፣ ብቻቸውን ድንጋይ ሲቆፍሩ ቆይተው፣ አንድ ማታ ኮምፒውተሩን ዘጉና በማግሥቱ አልከፈቱትም። የጠላት እጅ የነካው ጀማሪ ቢያንስ በዚያ ዓለም ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ አውቋል።

ስለዚህ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚፈሰው የተሳሳተ ቦታ ላይ ይመስለኛል። ኩባንያዎች ስለ ጀማሪ ሲያስቡ የሚያስቡት የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ነው፦ እዚህ ጋ ተጫን የሚል ቀስት፣ የሚያብረቀርቅ ሣጥን፣ ጎበዝ የሚል ድምፅ። ማለማመጃው ቁልፎቹን ያስተምራል፤ ቁልፎቹን መማርም የግድ ነው። በተለይ የማለማመጃው ቋንቋ የራሱ ላልሆነ፣ ሰርቨሩም ከሚኖርበት ከተማ ሺህ ኪሎሜትሮች ለሚርቅበት የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር ልጅ እያንዳንዷ ግልጽ ሥዕል ዋጋ አላት። (ተኩሶ ጥይቱ ሳይደርስ የተገደለ ሰው ጥፋቱ የእጁ ይሁን የኔትወርኩ በምን ይለያል?) ማለማመጃው የማያስተምረው ግን አለ፤ ጀማሪው እዚያ ቢኖርም ባይኖርም ለሌላው ሰው የሚያመጣው ለውጥ እንዳለ ማወቅን።

ከዚህ የባሰ መፍትሔም አለ። በ2019 የ«ፎርትናይት» ባለቤት የሆነው ኩባንያ ጀማሪዎች በሚገቡባቸው ግጥሚያዎች ውስጥ ቦቶችን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚነዳቸውን ሰው መሳይ ተጫዋቾች እንደሚጨምር አስታወቀ። ጀማሪው እየጎበዘ ሲሄድ የቦቶቹ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። በስልክ ላይ የሚሠሩ ሌሎች የተኩስ ጌሞችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ማስታወቁ መልካም ነው፤ ሜዳው ላይ ግን ማንኛው ሰው ማንኛው ቦት እንደሆነ የሚናገር ምልክት የለም፤ ማስታወቂያ አንብቦ ጌም የሚጀምር ሰው ደግሞ የለም። ልጁ በመጀመሪያው ቀን አሥር ሰው ገድሎ ደረቱን ነፍቶ ይተኛል። ያሸነፈው ማንንም አይደለም።

በርናርድ ሱትስ የተባለ ፈላስፋ በ1978 «ዘ ግራስሆፐር» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጨዋታ ምን እንደሆነ ለመወሰን ሞክሯል። አሳቡን በራሴ አነጋገር ሳስቀምጠው፣ መጫወት ማለት የማያስፈልግን እንቅፋት በፈቃድ ተቀብሎ ለማለፍ መጣር ነው፤ ኳሷን በእጅ ይዞ መሮጥ እየተቻለ በእግር መግፋት። (በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾ የተባለ ተማሪ፣ በኋላም ሪቻርድ ባርትል ተጨምሮበት፣ ሙድ የተባለውን በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱትን የመጀመሪያውን የጋራ ዓለም ጀመረ። ሱትስና ተማሪዎቹ አንዱ ስለ ሌላው ያወቁ አይመስለኝም።) ሱትስ በፈቃድ ማለቱ ነው ነገሩን የሚያከብደው። አልቲማ ውስጥ የተገደለው ጀማሪ ልገደል እችላለሁ ብሎ መቼ ፈቀደ? ሕጉን ሳያውቅ የገባ ሰው እንቅፋቱን ተቀብሏል ማለት ይከብዳል። ቦቶቹን የገደለው ልጅስ? እሱ የተቀበለው ከሰው ጋር መፎካከርን ነው፤ የተሰጠው ግን ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ያልተስማማበት እንቅፋት ተጣለበት፤ ሁለተኛው የተስማማበትን እንቅፋት ተሰረቀ። የሁለተኛው ስርቆት ስለማያም ቀላል ይመስላል እንጂ፣ ለእኔ የመጀመሪያው ጭካኔ ቢያንስ ጀማሪውን እንደ ሰው ቆጥሮታል።

እንግዲህ ጀማሪው የሚድነው በምንድን ነው? እዚህ ላይ ኮምፒውተሩን ትቼ ጆተኒ ጠረጴዛ ጋ ልሂድ። የተሸነፈ ይከፍላል በሚባልበት ጆተኒ አንድ ለአንድ ሲጫወቱ ጀማሪ ሲሳይ ነው። ጎበዙ ልጅ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በጀማሪዎች ኪስ ይጫወታል፤ እንዴት ብረቱን እንደሚያሽከረክር ቢያስተምራቸው የራሱን እንጀራ መዝጋት ነው። ሁለት ለሁለት ይሁን ሲባል ግን ያው ጎበዝ ልጅ፣ ያንኑ ጀማሪ፣ በዚያው ጠረጴዛ አጠገቡ አቁሞ ማስተማር ይጀምራል። «ቆይ፣ አትቸኩል፣ በረኛውን ያዝልኝ።» ልጁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጠባዩ አልተለወጠም። የተለወጠው ጀማሪው ለእሱ ያለው ትርጉም ነው፤ የቅድሙ ሲሳይ አሁን ጓደኛው ሆነ፣ ሲሸነፍም አብሮት ይከፍላል።

የጀማሪው ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ይመስለኛል፤ ነባሩ ከእሱ ምን ያገኛል በሚለው። ከሞቱ የሚያገኝ ከሆነ ይገድለዋል። ምንም የማያገኝ ከሆነ አያየውም። ከመኖሩና ከመጎበዙ የሚያገኝ ከሆነ ጊዜውን ይሰጠዋል። ንድፍ አውጪው ስለ ጀማሪው ሲጨነቅ መቀመጥ ያለበት ከአሥር ዓመቱ ተጫዋች ጎን ነው።

ይህን በደንብ የተረዱት የ«ፋይናል ፋንታሲ 14» ሠሪዎች ናቸው። በ2010 የወጣው የመጀመሪያው ጌም ክፉኛ ወደቀ፤ በናኦኪ ዮሺዳ መሪነት ከሥር ተሠርቶ በ2013 እንደገና ተከፈተ። በዚህ ጌም ውስጥ አዲስ ገቢ ከስሙ አጠገብ የበቀለች ለጋ ቡቃያ ትታያለች። ሌላ ቦታ ጀማሪነት የሚደበቅ ነገር ነው፤ ኑብ ተብሎ ከመሰደብ አላውቅም ሳይሉ ማለፍ ይሻላል። እዚህ ግን ቡቃያዋን የሚያየው ነባር ሰውየው ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ አስቀድሞ ያውቃል። ከዚህ የሚበልጥብኝ ሌላ ሕግ ነው። ያልተዋወቁ ሰዎች በአንድ ቡድን ተመድበው ወደ አንድ ዋሻ ሲገቡ፣ ከመካከላቸው ያን ዋሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ካለ ጌሙ ይህንኑ ለሁሉም ያውጃል፤ ሲጨርሱም ሁሉም ተጨማሪ ሽልማት ያገኛሉ። ሌላ ጌም ውስጥ «ጀማሪ ደረሰብን» ተብሎ ሊነጫነጩበት የሚችለው ሰው እዚህ ገድ ያለው ሆኖ ይመጣል።

ይሄ ታዲያ በገንዘብ የተገዛ ደግነት አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጌሙ ራሱም ለተቃዋሚው ማስረጃ ይሰጣል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የመምህርነት ምልክት የሆነች ዘውድ መልበስ ይችላሉ፤ በመምህርነት ሁለት ሺህ ጊዜ በዕጣ የሚደርሳቸውን ዋሻ የጨረሱ ደግሞ አንዲት የምታምር መጋለቢያ ይሸለማሉ። ውጤቱ የሚገመት ነው። ለመጋለቢያዋ ብለው ዘውዱን የደፉ፣ ጀማሪ ሲጠይቃቸው የሚያጉረመርሙ መምህራን በዙ፤ ዘውዱም በተጫዋቾቹ ዘንድ መቀለጃ ሆነ። ሽልማቱ የመጣው ለማስተማር ነው፤ የተቆጠረው ግን ዋሻ መጨረስ ነበር። የማይቆጠረውን ነገር ለመግዛት ሲሞከር የሚቆጠረው ተገዝቶ ይመጣል።

የዋሻው ሽልማት ግን አልተበላሸም፤ ለምን እንዳልተበላሸ ማሰብ ደግሞ ይጠቅማል። አንደኛ ትንሽ ነው፤ ማንም ለእሱ ብሎ ጀማሪ ፍለጋ አይወጣም። ሁለተኛ የሚገኘው ጀማሪው ሲሳካለት ብቻ ነው። ሦስተኛ ስም አያሰጥም። ደግነትን አይገዛም፤ ደግነቱን የሚያስቀረውን ንዴት ያበርዳል እንጂ። የተረፈውን ልማድ ይሠራዋል። አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ላይ እንደሚለው፣ ሰው ቤት በመሥራት ግንበኛ እንደሚሆን ሁሉ የፍትሕን ሥራ በመሥራት ነው ፍትሐዊ የሚሆነው። ለሽልማቱ ብሎ መታገሥ የጀመረ ሰው በመቶኛው ጀማሪ ላይ ሽልማቱ ትዝ ላይለው ይችላል።

«ጆርኒ» የተባለው የ2012 ጌም ደግሞ ሽልማት የሚባል ሳይጨምር ወደዚያው ደርሷል። ካባ የለበሰ መንገደኛ በረሃ አቋርጦ ብርሃን ወደሚወጣበት ተራራ ይሄዳል፤ መሐል ላይ በኢንተርኔት የገባ ሌላ መንገደኛ ያገኛል። ስሙን አያውቀውም፤ ሊያናግረውም ሊጽፍለትም አይችልም። ያላቸው አንዲት እንደ ቃጭል የምትሰማ ድምፅ ናት። የጌሙ መሪ ጄኖቫ ቼን እንደተናገረው በመጀመሪያው ሙከራቸው ሁለቱ መንገደኞች ሲነካኩ ይገፋፉ ነበር፤ ሰዎቹም መረዳዳቱን ትተው ጓደኛቸውን ወደ አደጋ መግፋት ያዙ። ቼን ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ሰው ክፉ ነው የሚል አልነበረም። አዲስ ዓለም የገባ አዋቂ እንደ ሕፃን ነው፤ የትኛውን ነገር ብነካ ይበልጥ ምላሽ አገኛለሁ ብሎ ይሞክራል። መግፋት ትልቅ ምላሽ ስለሚያስገኝ ይገፋል። ስለዚህ መገፋፋቱን አጠፉትና በምትኩ ሁለቱ ሲቀራረቡ የሁለቱም ሻርፕ በብርሃን እንዲሞላ፣ በዚያም ኃይል መብረር እንዲችሉ አደረጉ። ያው ተጫዋች መቀራረብ ጀመረ።

በዚህ ጌም ውስጥ የተደበቁትን ምልክቶች ሁሉ ሰብስቦ የጨረሰ ሰው ነጭ ካባ ይለብሳል። ነጭ የለበሱት ብዙውን ጊዜ ቀይ የለበሰውን ጀማሪ እየመሩ ወደ ተደበቁት ቦታዎች ይወስዱታል፤ በቃጭላቸው ይጠሩታል፤ ከኋላ ሲቀር ቆመው ይጠብቁታል። የሚከፈላቸው የለም፤ ስማቸውም ቢሆን ጌሙ አልቆ የሠሪዎቹ ዝርዝር ሲወጣ በስተመጨረሻ ብቻ ነው የሚታየው። ለምን ያደርጉታል? መልሱ ወደሚቀጥለው ነገር ይወስደኛል።

ነባሮች ጀማሪን የሚቃወሙበት፣ ከንቀት የተሻለ አንድ ምክንያት አላቸው። ጌሙ ለጀማሪ ሲባል ተቀጥቅጦ ይቀጥናል ብለው ይፈራሉ፤ ገደሉ ይናዳል፣ የለፉበት ነገር ለሁሉም በነፃ ይታደላል። ሐና አረንት በ1961 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ትምህርት ቀውስ ስትጽፍ፣ አስተማሪ ጠባቂነቱ ለሁለት ወገን ነው የሚል አሳብ አላት። አዲስ የመጡትን ከነባሩ ዓለም ይጠብቃል፤ ነባሩንም ዓለም ከአዲስ መጪዎቹ ጉልበት ይጠብቃል። ፍርሃታቸውን በዚህ መልክ ሳየው አልንቀውም። አስቸጋሪነቱን ያጣ ኢቭ ማን ይጫወተዋል? ሱትስም ቢሆን እንቅፋቱን ካነሣህ የሚቀርህ ጨዋታ የለም ይላል።

ነገር ግን ነባሩ ያላስተዋለው አንድ ጉድለት አለው። «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» በ2019 የጥንት መልኩን ይዞ «ክላሲክ» ተብሎ ሲከፈት ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የነበረውን ስሜት ፍለጋ ሰው ጎረፈ። ዓለሙ ያው ነበር፤ መንገዱ ረጅም፣ ጭራቁ ብርቱ። በመጀመሪያው ዘመን ለመገደል ወራት የፈጀው የእሳቱ ጌታ ራግናሮስ ግን በዚህኛው ሳምንት ሳይሞላው ወደቀ። ጭራቁ አልተዳከመም፤ ሰዎቹ ግን ሁሉን ያውቁ ነበር። ኩባንያው የድሮውን ዓለም መመለስ ቻለ፤ ያን ጊዜ የነበራቸውን አለማወቅ ግን ሊመልስላቸው አልቻለም።

ይህን ናፍቆት በጠማማ መንገድ የሚያስታግሱም አሉ። በአሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ በአርፓድ ኤሎ ስም የሚጠራው የቼዝ ደረጃ አሰጣጥ ዘዴ፣ በልዩ ልዩ መልኩ ዛሬ ኦንላይን ግጥሚያዎችን እኩያ ከእኩያ ለማጋጠም ያገለግላል። ዘዴው ለጀማሪ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ጀማሪን ከጀማሪ ጋር ብቻ ማኖሩ ዕውር ዕውርን መምራት መሆኑ ባይቀርም። ጎበዞቹ ታዲያ አዲስ አካውንት ከፍተው ጀማሪ መስለው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ስመርፍ ይሏቸዋል። የ«ዶታ 2» ባለቤት ቫልቭ በ2023 እንዲህ ያሉ 90,000 አካውንቶችን መዝጋቱን አስታውቋል። የጀማሪን ስም ይዘው የጀማሪን ተጋጣሚ ነው የሚፈልጉት፤ መጀመሩን ራሱን ማንም አካውንት ከፍቶ አያገኘውም።

የጆርኒው ነጭ ለባሽ የሚያገኘው ይህን መጀመር ነው ብዬ አምናለሁ። እሱ ተራራውን ስንቴ አይቶታል፤ ከእንግዲህ ሊደነቅበት አይችልም። ቀይ ለባሹ ኮረብታው ጫፍ ላይ ደርሶ በድንገት ሲቆም፣ ያንን መቆም አጠገቡ ሆኖ ያየዋል። በፋይናል ፋንታሲም የታሪኩን መታጠፊያ የሚያውቁ ነባሮች አፋቸውን ይዘው ጀማሪው እስኪደርስበት የሚጠብቁት ለዚሁ ነው። ይህ ትርፍ የሚገኘው ደግሞ ተራራው ተራራ ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አረንት ያለችው ሁለት ወገን ጥበቃ እዚህ ላይ አይጋጭም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ መመራት በሌሎች ዘንድ እንደ መፈለግ አይሆንም። ዕድሜ ልኩን ሲረዱት የኖረ ሰው ባለዕዳ ነው። ኢቭ በጭካኔው መሐል ለዚህ ያገኘው መልስ ይደንቀኛል። በጠፈር ጦርነት ጠላት ሊሸሽ ሲል ሞተሩን አግቶ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ ርካሽና ፈጣን መርከብ ይበቃል፤ ጀማሪም ጥቂት ቀን ተምሮ ይችለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይሞትበታል። ነገር ግን በሞተባቸው ሰከንዶች ውስጥ ትልልቆቹ መርከቦች ደርሰዋል፤ ያለ እሱ ጠላት አምልጦ ነበር። በ2004 በተጫዋቾች የተመሠረተው «ኢቭ ዩኒቨርሲቲ»ም ሆነ ጉንስዋርም የተባለው ትልቅ ማኅበር ጀማሪን የሚሰበስቡት ለዚህም ጭምር ነው፤ ጉንስዋርም በመጀመሪያ ዘመኑ የሚታወቀው ገና በገቡ ልጆች የተሞሉ ርካሽ መርከቦችን እንደ ንብ እያጎረፈ በመዋጋት ነበር። ማስተማሩ ጠባሳው ብዙ ነው፤ ሆኖም ጀማሪው የማይረባ ሆኖ የሚቆይበት ዘመን የለውም።

በዚሁ ጌም ውስጥ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ነባሩ የጀማሪውን መርከብ ያወድማል፤ ከዚያ ደብዳቤ ይጽፍለታል። የት ላይ እንደተሳሳተ፣ መርከቡን ምን ቢያስታጥቀው ኖሮ እንደሚያመልጥ፣ የትኛው መንገድ እንደማይታለፍ ይዘረዝርለታል፤ የመርከቧን ዋጋም እጥፍ አድርጎ ይልክለታል፤ አንዳንዴም ከእኛ ጋር ና ይለዋል። ሁሉም አያደርጉትም፤ የሚያደርጉት ግን ጥቂት አይደሉም። ይህን ደግነት ብዬ ለመጥራት እቸገራለሁ፤ ካንትም ሳይቆጣ የሚያልፈው አይመስለኝም፣ እንግዳው ሲደርስ የጠበቀው ጥይት ነበርና። ሆኖም ድንጋይ ሲቆፍር ማንም ዝር ያላለበት ጀማሪ ነገ የሚመለስበት ምክንያት የለውም። ይሄኛው ግን አለው፤ ደብዳቤውን ለመመለስ፣ ካልሆነም ለመበቀል።